በታዋቂ ሼፍ ስም የሚሸጡ ኢናሜል ቅብ የካስት አይረን ድስቶች፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ገዢዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካስት አይረን ድስት የሚባለው የትኛው ነው? ከኢናሜል ሳህን በምን ይለያል?

ብረቱ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ መካኒኮች «ጊዛ» የሚሉት ወፍራም ብረት ነው። ሲቀዘቅዝ ይጸዳና የመስታወት ብናኝ ይረጭበታል፣ ከዚያም 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ እቶን ውስጥ ይገባል። መስታወቱ ይቀልጥና ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ኢናሜል የሚባለው ይኸው ሽፋን ነው። ጁገል ውስጥ በሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ባለ አበባ ሳህኖችም ኢናሜል ናቸው፤ እነሱ ግን ስስ ቆርቆሮ ላይ የተቀቡ ናቸው። ስሱ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ያሳርራል። ወፍራሙ ለመጋል ጊዜ ይፈጃል፣ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። ኢናሜሉ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል፤ ሎሚና ቲማቲም የገባበት ወጥም የብረት ጣዕም አያመጣም።

የታወቀ ሼፍ ስም ካለበት ጥሩ ነው ማለት ነው?

አይደለም። በቴሌቪዥን የምናያቸው ሼፎች የብረት ማቅለጫ የላቸውም። ስማቸውን ለአምራች በፈቃድ ይሰጣሉ፣ ከሽያጩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ድስቱን የሚሠራው ሌላ ነው። የሬቸል ሬይ ድስቶች ከሜየር፣ የጄሚ ኦሊቨር አብዛኞቹ ከቴፋል የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው። በአንድ ስም ሥር ካስት አይረኑም፣ አሉሚኒየሙም፣ ስቴንለሱም ስለሚሸጥ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም። ፈቃዱ ሲያበቃ ደግሞ አምራቹ ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ ስሙ ያው ሆኖ ዕቃው ሌላ ይሆናል።

አንድ የሚታወቅ ጉዳይ እንጥቀስ። ማሲስ የተባለው የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በ2011 በማርታ ስቱዋርት ስም ይሸጣቸው የነበሩ ኢናሜል ቅብ የካስት አይረን ድስቶችን ከገዢዎች መልሶ ሰብስቧል። ምክንያቱ ኢናሜሉ ምግብ እየበሰለ ሳለ ተሰንጥቆ መነሳቱና ሰው ሊያቆስል ወይም ሊያቃጥል መቻሉ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠራ የዚህ ስም ድስት በሁለተኛ እጅ ቢቀርብልዎ ይለፉት።

ዋጋ ለማነጻጸር ሦስት ስሞችን ይያዙ፦ ለ ክሩዜ (ፈረንሳይ፣ ከ1925 ጀምሮ)፣ ስታውብ (ፈረንሳይ፣ ከ1974 ጀምሮ)፣ ሎጅ (አሜሪካ፣ ከ1896 ጀምሮ)። እነዚህ ዋና ሥራቸው ድስት የሆነ ድርጅቶች ናቸው። የለ ክሩዜ 26 ሴንቲ ሜትር ድስት አሜሪካ ውስጥ ከ400 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል፤ የሎጅ ተመሳሳዩ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ነው፣ አብዛኛውም የሚሠራው ቻይና ነው። ቻይና መሠራቱ ብቻውን ጉድለት አይደለም። ስለዚህ የሼፍ ስም ያለበት ድስት ከሎጅ በላይ ከተጠራ፣ ተጨማሪው ብር ለብረቱ ነው ወይስ ካርቶኑ ላይ ላለው የሼፉ ፎቶ ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ለፎቶው ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጥራቱን በምን ልለየው?

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ይሁን ቀፊራ ወይም ሐረር ሸዋ በር፣ ዕቃውን በካርቶን እንደታሸገ ሊሰጡዎት ይሞክራሉ። ያስከፍቱት፤ ክዳኑንም ያስወጡት።

በማግኔት ይጀምሩ። ከፍሪጅ በር ላይ የተነቀለ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። የሚሞከረው በድስቱ ጎን ነው እንጂ በመቀመጫው አይደለም፤ ለኢንዳክሽን (ድስቱን በማግኔት ኃይል ለሚያግለው የመስታወት ምድጃ) ተብለው የተሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶች ከሥራቸው የብረት ዝርግ ስላለባቸው እዚያ ላይ ማግኔት ይይዛሉ። ጎኑ ካልያዘ ካስት አይረን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። «ግራናይት» እየተባለ የሚሸጠው ነጠብጣብ ድስት አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው፤ ሽፋኑም መስታወት ሳይሆን ምግብ እንዳይዝ የሚቀባ ስስ ቅብ ነው። መጥፎ ዕቃ ነው ማለታችን አይደለም፣ በካስት አይረን ዋጋ አይግዙት ነው።

ቀጥሎ ሚዛን። 26 ሴንቲ ሜትር ክብ ድስት ከነክዳኑ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሽንኩርት የሚሸጥ ጎረቤት ካለ ሚዛን አይቸግርም። በዚያ ስፋት 2 ኪሎ ተኩል ወይም 3 ኪሎ ብቻ ከመዘነ ማግኔት ቢይዝም ስስ ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ ወደ ብርሃን አውጥተው ውስጡን በጎን ይመልከቱት፤ የስልክ መብራት አዘንብሎ ማብራትም ይሆናል። የሚፈልጉት የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በእርሷ በኩል ውሃና ጨው ብረቱ ድረስ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጥና ኢናሜሉን ከሥሩ ያነሳዋል። ከውስጥ አንድ ቀዳዳ ያለበትን ድስት በቅናሽም ቢሆን አይውሰዱ። ከውጭ በኩል ቀለሙ ላይ የምትታይ ትንሽ ጉድፍ ግን የዋጋ መከራከሪያ ናት፣ ከዚያ አታልፍም። ጠርዙንና የጆሮዎቹን ሥር በጣት ይዳስሱ፤ በጉዞ የሚፈነከተው እዚያ ነው። ጠርዙ ላይ ኢናሜል የሌለበት ደብዛዛ መስመር ካለ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተወው ሊሆን ይችላል፤ ከታጠበ በኋላ ዘይት ማስነካት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባዶውን ድስት በአንድ ጆሮው አንጠልጥለው በእንጨት ማንኪያ መታ ያድርጉት። ደህናው ይጮሃል፤ ስንጥቅ ያለበት እንደ ተሰነጠቀ ጀበና የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት መወዛወዝ የለበትም፤ የሚወዛወዝ ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በአንድ ጥግ ብቻ ይግላል። ክዳኑ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል ችግር የለውም፣ አንዱ ጎን ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ግን ጠምሟል።

ጆሮዎቹ አራት ጣት ከታጠፈ ጨርቅ ጋር የሚያስገቡ ይሁኑ። 5 ኪሎ ድስት ላይ 5 ኪሎ ወጥ ሲጨመር 10 ኪሎ ትኩስ ነገር ነው የሚያነሱት፤ በሁለት ጣት የሚያዝ ቆንጆ ጆሮ ለፎቶ እንጂ ለማድ ቤት አይሆንም።

ስንት ሊትር ልግዛ?

በክብ ድስት 24 ሴንቲ ሜትር 4 ሊትር ያህል፣ 26 ሴንቲ ሜትር 5 ሊትር ከሩብ ያህል፣ 28 ሴንቲ ሜትር 6 ሊትር ተኩል አካባቢ ይይዛል። እንደ አምራቹ ትንሽ ይለያያል፤ ልኩ ብዙ ጊዜ ከድስቱ ሥር ተጽፏል።

ለአራትና ለአምስት ሰው የዘወትር ወጥ 24 ይበቃል። ለዶሮ ወጥ የሚያስጨንቀው ዶሮው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው፦ 2 ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት ሳይበስል 4 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፣ ለማማሰልም ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 26። በ3 ኪሎ ሽንኩርት የሚሠራ ቤት 28 ይውሰድ፣ አለዚያም ሽንኩርቱን በሁለት ዙር ይጨምር። ከ28 በላይ አንመክርም። ሙሉውን ማንሳት ይከብዳል፣ እዚህ የምንጠቀምባቸው ምድጃዎችም ያን ያህል ስፋት አያግሉም።

ሞላላው ከክቡ ያምራል፣ ሙሉ ዶሮም በደንብ ይተኛበታል። ክብ ምድጃ ላይ ግን ሁለቱ ጫፎች ቀዝቃዛ ይቀራሉ። ኦቨን ከሌለዎት ክቡን ይግዙ።

ውስጡ ክሬም ይሁን ጥቁር?

ክሬሙ የሽንኩርቱን መልክ ያሳያል፤ ቁሌቱ የት እንደደረሰ በዓይን ይታያል፣ ማረር ሲጀምርም አስቀድሞ ያሳብቃል። በርበሬና እርድ ግን ቀለማቸውን ይተዉበታል። ደብዛዛው ጥቁር ቀለም አይዝም፣ ሥጋ ለመጥበስም ይሻላል፤ ነገር ግን ቁሌቱ ማረሩን ከዓይን በፊት አፍንጫ ነው የሚያውቀው። በየሳምንቱ ቀይ ወጥ ለሚሠራ ሰው ጥቁሩን እንመርጣለን። ውስጡ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ የሆነ፣ አምራቹም የማይታወቅ ድስት አይግዙ፤ እነዚህ ቀለሞች ካድሚየም በተባለ መርዛማ ብረት ሊሠሩ ስለሚችሉ ምግብ በሚነካ ቦታ ላይ ባይሆኑ ይመረጣል። የውጪው ቀለም የፈለጉት ይሁን።

እኔ ቤት ባለው ምድጃ ላይ ይሠራል?

ከስሙና ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነበር። አሉሚኒየም ሙቀትን ከካስት አይረን አራት እጥፍ ያህል አፍጥኖ ያዳርሳል። ካስት አይረን ከሥሩ በአንድ ቦታ ብቻ ሲግል ያ ቦታ ያሳርራል፣ ዳሩ ገና ለብ ይላል። ስለዚህ ምድጃውና የድስቱ መቀመጫ መቀራረብ አለባቸው። የ26 ሴንቲ ሜትር ድስት መቀመጫ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይበቃዋል። በትንሹ ምድጃ ላይ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ድስት አያስቀምጡ።

ሽቦው በግልጽ የሚታየው የሸክላ ምድጃ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከባዱ ድስት ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፣ ሽቦው ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ሊያልፍ ይችላል። ኢናሜሉ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የተፈነከተ ቦታ ካለ ግን መንገድ አገኘ ማለት ነው። በዚህ ምድጃ ላይ ካስት አይረን አይጠቀሙ።

ጋዝ ላይ እሳቱ ከመቀመጫው ዳር አይውጣ፤ የምድጃው እግርና የላይኛው ፍርግርግ 10 ኪሎ መሸከሙንም ያረጋግጡ። ኢንዳክሽን ላይ ይሠራል፣ ነገር ግን ከመካከለኛ በላይ አይክፈቱት፣ ድስቱንም በመስታወቱ ላይ አይጎትቱት፤ ያንሱት። ከሰል ላይም ይሠራል። ችግሩ ፍሙ ሲጋጋም መቀነሻ የለውም፤ ፍሙን ትንሽ አድርገው በአመድ ጋረድ ያድርጉት፣ የውጪው ቀለም እንደሚጠቁርም አስቀድመው ይወቁ።

በየትኛውም ምድጃ ላይ ዝቅ ባለ ሙቀት ጀምረው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ እያሉ ያሙቁት። ባዶውን አያግሉት።

ቁሌት ያለ ዘይት ማቁላላት ይቻላል?

ይቻላል፣ አካሄዱ ግን ከአሉሚኒየም ይለያል። የተከተፈውን ሽንኩርት በቀዝቃዛው ድስት ጨምረው ክዳኑን ይግጠሙና ዝቅ ባለ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ የራሱን ውሃ ያወጣል። ከዚያ ከፍተው በእንጨት ማማሰያ ያማስሉ። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ያደርጋሉ፤ ውሃው ግን የፈላ ይሁን። ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ድስት ላይ ሲያርፍ መስታወቱና ብረቱ እኩል አይኮማተሩም፣ ኢናሜሉም በፀጉር ቅጥነት ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ሲደጋገም ነው የሚረግፈው። ወጥ ሲከልሱም እንዲሁ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በርበሬው ላይ ነው። አሉሚኒየም ድስት እሳቱን ሲቀንሱለት ወዲያው ይበርዳል። ካስት አይረን አይበርድም፤ በርበሬው ከገባ በኋላ እሳት ቢቀንሱ ድስቱ በያዘው ሙቀት ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ ወጡም ይመርራል። እሳቱን በርበሬ ከመጨመርዎ 5 ደቂቃ በፊት ይቀንሱ፤ ዘይቱና ቅቤው ገብተው ይዋሃዱ፣ ከዚያ በርበሬው። ወጡ ሊደርስ ሲልም ምድጃውን ትንሽ ቀደም ብለው ያጥፉት፤ የቀረውን ድስቱ ይጨርሰዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ጠባዩ ይጠቅማል።

የብረት ጭልፋ ጠርዙ ላይ መታ መታ አድርጎ ወጥ ማራገፍ ልማድ ከሆነ ይተዉት። ጠርዝ የሚፈነከተው በዚያ ነው።

ቡና ልቆላበት፣ ቆሎ ልሥራበት እችላለሁ?

አይቻልም። ሁለቱም በደረቅ ድስት ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ኢናሜሉን የሚጎዳውም ይኸው ነው። ለእነሱ ምጣድ አለ።

ፉልና የግመል ሥጋስ?

ለእነዚህ ነው የተሠራው ቢባል ይቀላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች 94 አካባቢ። ባቄላውና ጅማታሙ ሥጋ ጊዜ የሚፈጁት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ከባድ ክዳን እንፋሎቱን ስለሚይዝ ዝቅ ባለ እሳት ለሰዓታት ቢቆይም አይደርቅም፣ ከሥርም አይዝም። የሚፈላበትን ዲግሪ ግን ከፍ አያደርግም፤ ያንን የሚያደርገው ፕሬዠር ኩከር ነው። ጊዜና መብራት መቆጠብ ከሆነ ዓላማዎ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውሉ። ለሽሮም የሸክላ ድስት በጥቂት ብር ይገኛል።

ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል?

በኦቨን ከሆነ ጥሩ ይወጣል። ኮባ ከሥሩ አንጥፈው ሊጡን ያሳርፉ፣ ክዳኑን ይግጠሙ፣ በ220 ዲግሪ ይጋግሩ። በመጀመሪያ ግን የክዳኑን መያዣ ይዩ። ብረት ከሆነ ችግር የለም። ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ልኩ እንደ ዓይነቱ ነው፤ አንዳንዱ 190 ዲግሪ ላይ ያበቃል፣ አንዳንዱ 250 ይችላል። መመሪያው ከሌለ በመፍቻ ፈትተው በብረት መያዣ ይቀይሩት፤ ከውስጥ በኩል አንድ ብሎን ብቻ ነው ያለው። ክዳኑ ላይ ፍም ደርድሮ መጋገር በዚህ ድስት አይሞከርም።

ውስጡ ላይ ነጭ ነገር እየያዘ ነው፤ ኢናሜሉ እየለቀቀ ነው?

ድሬዳዋ ከሆኑ ውሃው ነው። የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ላይ የምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ድስትም ላይ ይጋገራል። አንድ እጅ አቼቶ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው 5 ደቂቃ ያሙቁ፣ ሲበርድ ያለቅልቁ። አሲድ ደምቆ የሚያበራውን ገጽ ስለሚያደበዝዝ አያሳድሩት። ነጩ ነገር ከለቀቀ ካልሲየም ነበር። ካልለቀቀና ጥፍር ላይ ሻካራ ከሆነ ግን ኢናሜሉ ተበልቷል።

ያረረውንና የበርበሬ ቀለሙን በምን ላጽዳ?

ድስቱ ይብረድ። በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው 10 ደቂቃ ያፍሉ፣ ያረረውን በእንጨት ማማሰያ ገፋ ገፋ ያድርጉት፣ ያልለቀቀውን ይድገሙት። የቀረ የቀለም ጥላ ጉዳት የለውም። የብረት ሽቦ፣ አሸዋና አመድ አይነኩትም። በረኪና ባይጠቀሙ ይሻላል፤ ከአቼቶ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ወጡን በድስቱ ውስጥ ባሳድረውስ?

ኢናሜሉ አንድ ሌሊት ምንም አይሆንም፤ የሚበላሸው ወጡ ነው። ወፍራሙ ብረት ሙቀት ስለሚይዝ፣ በድሬ ሙቀት ላይ ተጨምሮ፣ ምግቡ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠለቅ ወዳላለ ዕቃ ገልብጠው ፍሪጅ ያስገቡት። ትኩሱን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ማስገባት ለፍሪጁም ለኢናሜሉም አይበጅም።

ኢናሜሉ ተፈነከተ፤ ይጠገናል?

ከውጭ ወይም ከጠርዝ ላይ ከሆነ ይሥሩበት፤ ካጠቡ በኋላ አድርቀው ዘይት ይቀቡት። ከውስጥ ከሆነ ምግብ አይሥሩበት፤ የሚነሳው መስታወት ነው፣ አንዴ ከጀመረ ዳር ዳሩን ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ወይም ብየዳ ቤት የሚጠገንበት መንገድ የለም፤ ኢናሜል ለመቀባት ያ 800 ዲግሪ እቶን ያስፈልጋል። «እናስተካክለዋለን» ብሎ ቀለም ወይም ኢፖክሲ የሚቀባ ካገኙ ድስቱን ለአበባ ተክል ያውሉት።

ዋስትናን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ አምራቾች «ለዕድሜ ልክ» ይላሉ፣ ነገር ግን የወደቀ፣ የተመታና ባዶውን የጋለ ድስት አይሸፍኑም። 5 ኪሎ መልሶ ወደ ውጭ ለመላክ የሚከፈለውም ራሱን የቻለ ዋጋ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢያመጣልኝ ይሻላል?

ምርጫው ይሰፋል፣ ሐሰተኛ የመግጠሙ ዕድልም ያንሳል። ያስቡበት ግን፦ አንድ ሻንጣ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ነው፣ አንድ ድስት ከዚያ 5 ኪሎ ይወስዳል። የሚያመጣውን ሰው ሲያዝዙ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ የውስጡን ቀለምና የክዳኑን መያዣ ዓይነት ይንገሩት፤ የሼፉን ስም ብቻ ከነገሩት የአሉሚኒየሙን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አስተሻሸጉ ላይ ክዳኑና ድስቱ መነካካት የለባቸውም። በመሃላቸው ጠርዙን ዞሮ የሚከብ ወፍራም ጨርቅ ወይም ካርቶን ይግባ፣ ክዳኑ ተገልብጦ መያዣው ወደ ውስጥ ይሁን፣ ከዚያ በፎጣ ተጠቅልሎ ሻንጣው መሃል ይቀመጥ። ድሬ ተቀብለው ወደ ሐረር የሚወስዱትም ቢሆኑ ደንገጎን ሲወጡ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አይጫኑት፤ እግርዎ ሥር ያኑሩት። ቤት ሲደርስ ከመታጠቡ በፊት ጠርዙን ዞረው ይዩት፤ የተፈነከተ ካለ ስብርባሪው ፎጣው ላይ ይገኛል፣ ፎጣውንም ደጅ አውጥተው ያራግፉት።